ባለጥፍሯና የነርሷ አልማዝ

አክስቴን ለማያውቋት ሰዎች ባስተዋወቅሁ ቁጥር መጀመሪያ የሚያዩት እጇን ነው። በወርቅ ሠሪዎች ሕንጻ ውስጥ ከበሩ ዘበኛ አንስቶ እስከ ሦስተኛው ፎቅ ድረስ ሰው ሁሉ «ባለጥፍሯ» ብሎ ስለሚጠራት፣ ስሟን የሰማ እንግዳ ረጅም፣ የተሞረደ፣ ቀለም የተቀባ ጥፍር ይጠብቃል። የሚያገኘው ግን ከሥጋው ጋር እኩል የተቆረጠና ዳርዳሩ በወርቅ ማጽጃ አሲድ የወየበ የሠራተኛ ጥፍር ነው። ስሙ የወጣላት ከጣቷ ሳይሆን ከሥራዋ ነው። በቀለበት አናት ላይ ፈርጡን ግራና ቀኝ አቅፈው የሚይዙትን ትናንሽ የወርቅ ዘንጎች ወርቅ ሠሪዎች ጥፍር ይሏቸዋል፤ እነዚያን ጥፍሮች በድንጋይ ላይ ማጎንበስ ደግሞ የአክስቴ የሃያ ስምንት ዓመት መተዳደሪያ ነው።

የሥራ ክፍሏ በሁለተኛው ፎቅ ኮሪደር መጨረሻ ላይ ትገኛለች። ሁለት ሰዎች ጎን ለጎን ቢቆሙ ትከሻቸው ይነካካል። ከፊት ለፊት ደንበኛ የሚቆምበት ባለመስታወት ባንኮኒ፣ ከኋላ ደግሞ መጋረጃ አለ። ከመጋረጃው በስተጀርባ ያለው ጠረጴዛ መሐሉ በግማሽ ጨረቃ ቅርጽ ተቆርጦ ወጥቷል፤ ከሥሩ የሚራገፈውን የወርቅ ብናኝ የሚቀበል ቆዳ ተወጥሮለታል። በግድግዳው ላይ ገና ያልተሠሩ ቀለበቶች ሥዕሎች በመርፌ ቁልፍ ተሰክተዋል። አክስቴ ከሰው ጋር ስታወራ እንኳ ከሥዕሎቹ ላይ ዓይኗን አትነቅልም።

ሥራውን የተማረችው ከአያቴ ነው። አያቴ ወርቅ ሠሪ ነበር፤ ንግግር አይወድም ነበር ይባላል፤ ለልጁ ግን አንድ ትምህርት ደጋግሞ ነግሯት ሞተ።

«ከመሬት የወጣ ድንጋይ ሁሉ እንከን አለው» ይላት ነበር። «መጀመሪያ እንከኑን ፈልጊ። የመጀመሪያውን ጥፍር እሱ ላይ ጫኚ። የቀሩት ሦስቱ ቦታቸውን ራሳቸው ያገኛሉ።»

ይህ ማታለል አይደለም። ልብስ ሰፊ ስፌቱን ወደ ውስጥ እንደሚያዞረው ያለ የሙያ ወግ ነው፤ ገዢውም ሻጩም ያውቀዋል። በድንጋዩ ዳር ያለች ነጥብ የምታህል ጭረት ከወርቁ ሥር ትገባለች፤ ከላይ የሚታየው ብርሃን ብቻ ይሆናል። አክስቴ በዚህ ላይ የራሷን ልማድ ጨምራበታለች፤ ያ የመጀመሪያው ጥፍር ሁልጊዜ በቀለበቱ ውስጠኛ ገጽ ላይ የእርሷ ማኅተም ከተመታበት ቦታ ትይዩ እንዲውል ታደርጋለች። ለምን እንደሆነ ስጠይቃት «እጄ ከየት እንደጀመረ እንዲያውቅ ነዋ» አለችኝ።

በቤተ ሙከራ ያደገን አልማዝ ወሬ ወደዚያች ክፍል ያስገባሁት እኔ ነኝ። በዚያ ዓመት ከክፍሌ አንደኛ ወጥቼ ስለነበር የማላውቀው ነገር ያለ አይመስለኝም ነበር፤ ባንኮኒው ላይ ተደግፌ ከሥር ከመሠረቱ አስረዳኋት። ከአልማዝ የተሰነጠቀች ስስ ገበታ እንደ ዘር ትቀመጣለች፤ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ካርቦን ያዘለ ጋዝ ይለቀቅባታል፤ በኃይለኛ ሙቀት ካርቦኑ ከጋዙ እየተለየ በዘሯ ላይ ንብር በንብር ይወርዳል፤ ከሳምንታት በኋላ ከተነሣው ድንጋይ ተቆርጦና ተወልውሎ አልማዝ ይሆናል። አልማዝ የሚመስል ሳይሆን አልማዝ።

«የጠርሙስ ልጅ ነው በይኛ!» አለችኝ። «እናቱ ማሽን፣ አባቱ ኤሌክትሪክ።»

«ዘሩ ግን አንድ ነው፣ አክስቴ።»

«ዘርማ ሁሉም ይቆጥራል። አምጪልኝና እጄ ይየው።»

አስመጪ ዘንድ ሄዳ ራሷ አንድ ፍሬ ገዛች። ቀኑን ሙሉ በማጉያ መነጽር አየችው፤ በወረንጦ አገላበጠችው፤ በመዳብ ቀለበት ላይ ሰካችው፤ ነቀለችው፤ ደግማ ሰካችው። ማምሻውን መነጽሯን አውልቃ ዓይኗን እያሸች «እጄ ልዩነት አላገኘም» አለች። «እጄ ካላገኘ እኔ ማን ነኝና ነው የምከራከረው?» ከዚያች ቀን በኋላ በዚህ ጉዳይ ስትከራከር አልሰማኋትም።

የተለወጠው የደንበኞቹ አመጣጥ ነበር። ቀድሞ ሰው ይመጣና በመስታወቱ ውስጥ ከተደረደሩት ቀለበቶች መካከል በጣቱ ይጠቁማል፤ ለጣቱ ይለካል፤ ይሄዳል። አሁን ግን የሚመጡት ቀለበት ፈልገው ሳይሆን ድንጋይ ፈልገው ነው። አክስቴ ነጭ ወረቀት ትዘረጋለች፤ ገና ያልታሰሩትን ፍሬዎች ከየእሽጋቸው አውጥታ በላዩ ላይ ትደረድራለች፤ ደንበኛው ወረንጦ ይዞ አንድ በአንድ ወደ መስኮቱ ብርሃን እያነሣ ይመርጣል። ቀለበቱ የሚታሰበው ከዚያ በኋላ ነው። የሒሳብ አስተማሪ መጥታ ስድስት ማዕዘን ያለው ድንጋይ አስመረጠች። አንድ የጭነት መኪና ሹፌር ለሚስቱ የውሃ ጠብታ የመሰለውን ወሰደ፤ «ስመለስ ስታለቅስ የሚወርደው ይሄንን ነው የሚመስለው» ብሎ አሳቀን። ከመሬት የወጣውን ቢሉ በገንዘባቸው የሩዝ ስባሪ ብቻ የሚደርሳቸው ሰዎች፣ ይህኛውን ሲሉ ዓይናቸው የሚሞላ ድንጋይ ይዘው፣ የተረፋቸውን ለሥራው ውበት ያውሉታል። በዚህም ምክንያት በግድግዳው ላይ ሥዕል በዝቶ መርፌ ቁልፍ አነሰ።

ይህ ሁሉ የማይዋጥላቸው ከኮሪደሩ ማዶ ያሉት ወርቅ ሠሪ ነበሩ። ከንግግራቸው ሁሉ መጀመሪያ «በጥንቱ ጊዜ» ስለሚሉ ጋሼ ጥንቱ እንላቸዋለን። በየማለዳው ሱቃቸውን ከከፈቱ በኋላ በሩ ላይ ቆመው ድምፃቸውን ከፍ ያደርጋሉ።

«ባለጥፍሯ! ዛሬስ ስንት ልጅ ከማሽን ተወለደልሽ?»

«ሦስት፣ ጋሼ። ሁሉም ደህና ናቸው። እርስዎስ ከጉድጓድ ያወጡት አለ?»

«እኔ መሬት አምጣ የወለደችውን ነው የምሸጠው!»

«እኔ ደግሞ የሚሸጠውን።»

ኮሪደሩ ይስቃል፤ ጋሼ ጥንቱም ይስቃሉ። ሳቃቸው ሲያልቅ ግን ጠጋ ብለው «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን እንደጣለችው ሴትዮ እንዳትሆኚ» ይሏታል። «በብብትሽ ያለው ስምሽ ነው። አንድ ቀን አንዱ "ይሄ ድንጋይ የኔ አይደለም" ቢልሽ በምን ታስረጂያለሽ? ሁሉም አንድ ዓይነት ንጹሕ!»

አክስቴ ለዚህ መልስ ነበራት። በቤተ ሙከራ ያደጉት ፍሬዎች በወገባቸው ዙሪያ፣ ማለትም የላይኛውና የታችኛው ገጽ በሚገናኙበት ቀጭን ጠርዝ ላይ፣ በጨረር የተጻፈ ቁጥር አላቸው። ቁጥሩ በባዶ ዓይን አይታይም፤ በማጉያ መነጽር ግን ይነበባል። ከድንጋዩ ጋር የሚመጣው የምስክር ወረቀትም ያንኑ ቁጥር ይዟል። «መታወቂያቸውን ይዘው ነው የሚመጡት» ትላለች። «ከመሬት የወጣው ነው እንጂ ማን እንደሆነ የማይናገረው።»

ነርሷ የመጣችው በዚያ ሰሞን ነው። ከሥራ ስትወጣ በቀጥታ ስለመጣች ጫማዋ ገና የሆስፒታል ጫማ ነበር። አብሯት እጮኛዋ አለ፤ አሳንሰር ጠጋኝ ነው፤ ረጅም፣ ዝምተኛ፣ ትከሻውን በክፍሏ ውስጥ የሚያስቀምጥበት ያጣ ወጣት። እርሷ ከቦርሳዋ የሕሙማን የሙቀት መመዝገቢያ ወረቀት አወጣችና ጀርባውን ገልብጣ በእስክርቢቶ የተሣለ ቀለበት አሳየች።

«እትዬ፣ ጓንት የማይቀድ ቀለበት ነው የምፈልገው።»

«እስከ ዛሬ ያደረግሽው ቀለበት ነው ወይስ ቢላዋ?»

«የጓደኛዬን ተውሼ ሞከርኩት። በአንድ ፈረቃ አራት ጓንት ቀደደብኝ። ኃላፊያችን "ወይ ቀለበቱን አግቢ ወይ ሥራሽን" አለችኝ።»

«አንተስ ምን ትላለህ?» አለች አክስቴ ወደ ወጣቱ ዞራ።

«እኔ ከፍና ዝቅ ማድረግ ብቻ ነው የማውቀው» አለ። «ይሄን ዝቅ አድርጉልን።»

አክስቴ ስድስት ክብ ፍሬዎች በነጩ ወረቀት ላይ ደረደረች። ነርሷ ሕሙማንን ከአልጋ አልጋ እየዞረች እንደምታይ ሁሉ ከአንዱ ወደ ሌላው እየሄደች፣ አንዱን ሁለት ጊዜ ተመልሳ እያየች፣ በመጨረሻ አራተኛውን መረጠች። በዚያው ቅጽበት ስልኳ ጠራ፤ ፈረቃ የሚተካ ሰው ጠፍቶ ነበር፤ እጮኛዋን እየጎተተች ሮጠች። የድንጋዩን ቁጥር ከወረቀቱ ጋር ያመሳከረችው ስለዚህ አክስቴ ብቻዋን ነበረች። እንደ ልማዷ አነበበችው፤ ልክ ነበር፤ አሸገችው።

ቀለበቱን ለመሥራት ዘጠኝ ቀን ፈጀባት። ድንጋዩ ከጣት ብዙም እንዳይነሣ ጥልቅ መቀመጫ ቆፈረችለት፤ ጥፍሮቹም ጓንት የሚይዝ ሹል ጫፍ እንዳይኖራቸው አራቱንም ሰፊና ጠፍጣፋ አድርጋ ሠራቻቸው። ሲያልቅ የላስቲክ ጓንት በላዩ ላይ አልብሳ ደጋግማ ጎተተችው፤ አልተቀደደም። ነርሷ ስታየው ቃል ጠፍቷት አክስቴን አንገቷን አቀፈቻት። እጮኛዋ ግን ቃል አገኘ፤ «መሬት ፎቅ ደርሷል» አለ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ በአንድ ማክሰኞ ረፋድ፣ እኔ ባንኮኒው አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጬ ሳለሁ ነርሷ ተመልሳ መጣች። ዓይኗ ቀልቷል። ከፊቷ አንዲት ቀጥ ያሉ፣ ቦርሳቸውን በሁለት እጅ የያዙ እናት ይሄዳሉ።

«እንደምን አደራችሁ። እኔ የልጁ እናት ነኝ» አሉ።

የአሳንሰር ጠጋኙ እናት በጉምሩክ ፈታሽነት ሠላሳ ዓመት አገልግለው ጡረታ የወጡ ሴት ናቸው። ይህን በኋላ ባይነግሩን እንኳ ከአኳኋናቸው መገመት ይቻል ነበር። ቀለበቱን ከነማኅደሩ፣ ከጎኑ የምስክር ወረቀቱን፣ ከወረቀቱ ጎን ደግሞ ለዚሁ ጉዳይ የገዙትን ማጉያ መነጽር በባንኮኒው ላይ በአንድ መስመር ደረደሩ።

«ወረቀቱ ላይ ቁጥር አለ» አሉ። «ዕቃው ላይ ቁጥር የለም። እኔ በሠራሁበት መሥሪያ ቤት ወረቀትና ዕቃ ካልተገናኙ ዕቃው አይገባም።»

አክስቴ እጇን በሽርጧ ጠረገች። «አስመርምረውታል?»

«ሁለት ቦታ። ሁለቱም አልማዝ ነው አሉኝ። ሁለቱም ቁጥር አላየንበትም አሉኝ።»

«እማማ፣ እኔ እኮ ምንም አላልኩም…» አለች ነርሷ በቀጭን ድምፅ።

«አንቺ ምንም አታይም፤ ወደሻል። እኔ አልወደድኩም፤ ስለዚህ አያለሁ።» ወደ አክስቴ ዞሩ። «ከማሽን መውጣቱ ለኔ ምኔም አይደለም። ልጆቹ መርጠው ነው የገዙት፤ ደግ አደረጉ። የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። የመረጠችው ድንጋይ ይሄ ነው ወይ? ካልሆነስ የመረጠችው የት ሄደ?»

የሞረዱ ድምፅ ከየክፍሉ ቆመ። ጋሼ ጥንቱ በሩ ላይ ብቅ አሉ፤ ከኋላቸው ሌሎች ሁለት ራሶች ታዩ። የቀረበው ክስ ለወርቅ ሠሪ ከስርቆት ይከፋል፤ የደንበኛን ድንጋይ መለወጥ። በዚያ ሕንጻ ውስጥ ይህ አንድ ጊዜ የተባለበት ሰው መሣሪያውን ጠቅልሎ ወጥቷል፤ እውነት ይሁን ሐሰት እስከ ዛሬ የሚያውቅ የለም። በግድግዳው ላይ ደግሞ የስምንት ሰዎች ሥዕል ተሰቅሏል፤ ስምንቱም ድንጋያቸውን እሽጉ ውስጥ ትተው የሄዱት አክስቴን አምነው ነው።

የቀደምሁት እኔ ነኝ። ከመሳቢያው የአልማዝ መመርመሪያውን አወጣሁና ጫፉን በድንጋዩ ላይ አሳረፍኩ፤ መሣሪያው ጮኸ፤ አረንጓዴ መብራቱ በራ። በድል አድራጊነት ቀና አልኩ።

«የኔ ልጅ» አሉ ፈታሿ፣ በርኅራኄ ጭምር፤ «መሣሪያሽ አልማዝ ነው አለ። እሱን ማን ጠየቀ? እኔ የጠየቅሁት ይሄ አልማዝ ያ አልማዝ ነው ወይ ነው።»

መሣሪያውን ወደ መሳቢያው መለስኩ።

አክስቴ ቀለበቱን አነሣች። በመነጽሯ የድንጋዩን ወገብ ከጥፍር እስከ ጥፍር፣ በአራቱም ክፍተት በኩል፣ በዝግታ እያዞረች አየችው። ጠርዙ ንጹሕ ነበር፤ ጭረት የለ፣ ነጥብ የለ፣ ጽሑፍ የለ። ከዚያም ቀለበቱን ገልብጣ የውስጠኛውን ገጽ፣ ማኅተሟ የተመታበትን ቦታ አየች። አውራ ጣቷ በማኅተሙ ላይ ቀረ።

ፊቷን አውቀዋለሁ፤ ደነገጠች። የደነገጠችው ግን በሰው ነገር አልነበረም፤ በራሷ እጅ ነበር።

«ቁጥሩ አለ» አለች። «እኔ ነኝ የደበቅሁት።»

ከበሩ በኩል አንድ ሰው «ኧረ!» ሲል ተሰማ።

«ጥፍር ስጭን እጄ መጀመሪያ እንከን ይፈልጋል» አለች፤ ለፈታሿ ብቻ ሳይሆን ለኮሪደሩም እንዲሰማ አድርጋ። «አባቴ እንደዚያ ነው ያስተማረኝ። ምልክት ያለበት ቦታ ላይ ጥፍር ጫኚ ብሎ። የዚህ ድንጋይ ወገብ ደግሞ እንከን የለውም። ያለበት ምልክት ቁጥሩ ብቻ ነው። እጄ ሄዶ የሸፈነው እሱን ነው። ጥፍሩም ለጓንት ተብሎ ሰፊ ስለሆነ ሙሉ በሙሉ ዋጠው።»

ፈታሿ ፊታቸው አልተለወጠም። «ይሄ ጥሩ ወሬ ነው። ሠላሳ ዓመት ጥሩ ጥሩ ወሬ ሰምቻለሁ። አሳዩኝ።»

ጋሼ ጥንቱ በባንኮኒው ጫፍ በኩል ተሳቡና ወደ አክስቴ ጆሮ ተጠጉ። ሹክሹክታቸው ግን የሹክሹክታ ልምድ የሌለው ሰው ሹክሹክታ ነበር። «ወደ መጋረጃው ጀርባ ግቢ። ጥፍሩን ከፈት አድርገሽ፣ ጠበብ አድርገሽ፣ ቁጥሩ እንዲታይ አድርገሽ ውጪ። ምን ያጨናንቅሻል?»

«መጋረጃ ጀርባ ገብቼ ብወጣ፣ ጋሼ፣ ይዤው የምወጣውን ድንጋይ ማን ያምነኛል?»

መጋረጃውን በአንድ እጇ ሙሉ በሙሉ ወደ ጎን ገፋችው። ቀለበት የምታስርበትን ትንሽ የእንጨት ማነቆ ከጠረጴዛው ፈትታ አመጣችና በባንኮኒው ላይ፣ በፈታሿ አፍንጫ ሥር፣ አጠበቀችው። ቀለበቱን በውስጡ አሰረች። መብራቱን ሳበች።

«እዚህ ይቁሙ፤ ዓይንዎን ከድንጋዩ ላይ አይንቀሉ» አለቻቸው። ወደ ነርሷም ዞረች። «አንቺም ወረቀቱን ያዢ፣ የኔ ልጅ። ቁጥሩን ማንም እንዳይነግራቸው። እሳቸው ከድንጋዩ ያንብቡ፤ አንቺ ከወረቀቱ ተከተዪ።»

ይህ ቀላል አልነበረም። አንድ ጊዜ የጎበጠ ወርቅ ይደርቃል፤ ደግሞ ሲቃና ሊሰበር ይችላል። አልማዝም ቢሆን፣ ሰው እንደሚያስበው የማይበገር ሳይሆን፣ በጠርዙ ላይ በተሳሳተ አቅጣጫ ከተገፋ ይላጣል። ከአራቱ ጥፍሮች የተሳሳተውን ብትከፍትና ከሥሩ ምንም ባይገኝ፣ ሁለተኛ ዕድል የሚሰጣት ዓይን በዚያ ኮሪደር ውስጥ አልነበረም። እርሷ ግን አልመረጠችም፤ በማኅተሙ ትይዩ ወዳለው ጥፍር በቀጥታ ሄደች። እጇ ከየት እንደጀመረ ያውቃል።

ስስ የብረት ምላጭ ከጥፍሩ ሥር አስገብታ በአውራ ጣቷ ግፊት አነሣችው። የፀጉር ውፍረት ያህል ተነሣ። ጨመረች። ፈታሿ መነጽራቸውን ዓይናቸው ላይ አድርገው ጎነበሱ፤ ግንባራቸው ከአክስቴ ግንባር ጋር ሊጋጭ ምንም አልቀረውም።

«አለ» አሉ፤ ድምፃቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ቀነሰ። «ጽሑፍ አለ። ሰባት… አራት… አንድ… አንድ… ስድስት…»

«እሺ፣ እሺ፣ እሺ…» ትላለች ነርሷ በወረቀቱ ላይ በጣቷ እየተከተለች።

«ሦስት… ከዚህ በኋላ ወርቁ ሸፍኖታል።»

«ስንት ይቀራል?» አለች አክስቴ።

«ሁለት» አለች ነርሷ።

«እስካሁን ያነበብኩትማ በአጋጣሚም ሊመሳሰል ይችላል» አሉ ፈታሿ። «በሙሉ ነው የምፈልገው።»

አክስቴ ምላጩን ገፋች፤ ጥፍሩ «ቀጭ» ብሎ ከሥሩ ተሰብሮ ባንኮኒው ላይ ተንከባለለ። ነርሷ ጮኸች። ጋሼ ጥንቱ ሁለት እጃቸውን በራሳቸው ላይ ጫኑ። ድንጋዩ ግን በሦስቱ ጥፍሮች ታቅፎ እንዳለ ነበር፤ ጠርዙም አልተነካም።

«ያንብቡ» አለች አክስቴ።

«ዜሮ» አሉ ፈታሿ። «ስምንት።»

ነርሷ ወረቀቱን በደረቷ ላይ ለጥፋ ባንኮኒው ላይ በግንባሯ ተደፋች። ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ እያለቀሰች ይሁን እየሳቀች መለየት አልቻልኩም።

ፈታሿ ቀና አሉ። ይቅርታ አልጠየቁም፤ አክስቴም አልጠበቀችም። መነጽራቸውን በጨርቅ ጠርገው ወደ ማኅደሩ መለሱ፤ ወረቀቱን ከነርሷ እጅ ወስደው አጥፈው ከቀለበቱ አጠገብ አኖሩ።

«በሥራዬ ዘመን ሰዎች የደበቁትን ሁሉ ያስወጣኋቸው እኔ ነኝ» አሉ። «ራሷ የደበቀችውን በራሷ እጅ፣ በሰው ፊት፣ ዕቃዋን ሰብራ ስታወጣ ያየሁት ግን አንቺን ነው።» እርስዎ ማለታቸውን ትተው አንቺ ማለታቸውን ያስተዋልሁት በኋላ ነው። ከዚያም በመዳፋቸው ባንኮኒውን አንድ ጊዜ መታ አደረጉት።

«ይግባ!» አሉ።

ኮሪደሩ በሳቅ ፈነዳ። ሞረዶቹ ሥራቸውን ጀመሩ።

አክስቴ አዲስ ጥፍር በየደችለት። ድንጋዩንም ክብ ስለሆነ ጥቂት አዙራ፣ ቁጥሩ በሁለት ጥፍሮች መካከል ባለው ክፍተት፣ መነጽር የያዘ ሁሉ እንዲያነበው አድርጋ ሰካችው። ይህ በሁለት ቀን አለቀ። አክስቴ ግን በዚህ አላቆመችም። በማግስቱ የትእዛዝ ደብተሯን ዘርግታ ከዚያ ቀደም የሰጠቻቸውን በቤተ ሙከራ ያደጉ ድንጋዮች አንድ በአንድ ስታስታውስ አገኘኋት። አሥራ አንድ ነበሩ። ስልኩን አንሥታ መደወል ጀመረች።

«ማን ጠየቀሽ?» አሉ ጋሼ ጥንቱ ከማዶ። «ሰዎቹ ቀለበታቸውን አድርገው በሰላም ተኝተዋል። ያልነቃን ሰው ምን ያስቀሰቅስሻል?»

«ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ ነው፣ ጋሼ። ነቅተው ከሚያገኙት እኔ ልንገራቸው።»

ሁሉም ደስ አላቸው ማለት አልችልም። የሒሳብ አስተማሪዋ «መጀመሪያውኑ እንዴት አላሰብሽበትም?» ብላ ግማሽ ሰዓት ያህል ገሠጸቻት፤ አክስቴም ተገሠጸች። አንዷ ስልኩን ዘጋችባት። ሹፌሩ ከመንገድ ላይ ሆኖ «እትዬ፣ ሚስቴ ቀለበቱን ከጣቷ ማውለቅ እንቢ ብላለች፤ ቁጥሩ ከነድብቁ ይኑር» አላት። ከመጡት መካከል ሰባቱ ቁጥራቸው በከፊልም ይሁን በሙሉ ከጥፍር ሥር ነበር፤ ሰባቱንም በባንኮኒው ላይ፣ መጋረጃው ተገፍቶ፣ ባለቤቶቻቸው እያዩ ከፈተቻቸው። ለዚህ ሥራ ከማንም ምንም አልተቀበለችም። ገሥጻት የነበረችው አስተማሪ በሳምንቱ ሁለት የሥራ ባልደረቦቿን አስከትላ መጣች፤ በግድግዳው ላይ ለሥዕል የሚሆን ቦታ ጠፍቶ የመጋረጃው ዘንግ ላይ መስቀል ተጀመረ።

የሃያ ስምንት ዓመት ልማድ ግን በአንድ ማክሰኞ አይለቅም። ከዚያ በኋላም ቢሆን፣ አዲስ ድንጋይ ይዛ ስትጎነብስ፣ የመጀመሪያው ጥፍር ሳታስበው ወደ ቁጥሩ ሲጠጋ አየዋለሁ። ራሷም ታየዋለች፤ «ተው አንተ!» ብላ እጇን በሌላው እጇ ትመታለች። ይህንኑ ስታደርግ አንድ ቀን ለጉብኝት የመጣችው ነርሷ አየቻት። ቦርሳዋን ከፍታ አንዲት ትንሽ ብልቃጥ አወጣችና ባንኮኒው ላይ አኖረች። ደማቅ ቀይ የጥፍር ቀለም ነበር።

«አዲስ ነው፤ አልተከፈተም» አለች። «እኛ ዋርድ ውስጥ ጥፍር መቀባት አይፈቀድልንም። እዚህ ይሻለዋል።»

«እኔስ በየትኛው ጥፍሬ ልቀባው ነው?» አለች አክስቴ አጭር ጣቶቿን ዘርግታ።

«ቁጥሩ አጠገብ፣ ድንጋዩ ላይ። እኛ ቀዶ ጥገና ከመግባታችን በፊት ቆዳ ላይ ምልክት እናደርጋለን፤ እጅ እንዳይሳሳት። ሲያልቅ ይጠረጋል።»

አክስቴ ብልቃጡን ወደ ብርሃን አንሥታ፣ እንደ ድንጋይ አገላብጣ መረመረችው። ከዚያ ክዳኑን ፈታች፤ በብሩሹ ጫፍ፣ በማነቆው ውስጥ ባለው አልማዝ ላይ፣ ከቁጥሩ በላይ አንዲት ቀይ ነጥብ አሳረፈች። የመጀመሪያውን ጥፍር አነሣች። እጇ እንደ ልማዱ ወደ ምልክቱ ሄደ፤ ቀዩን አየ፤ ቆመ፤ ዞረ።

ዛሬ በዚያ ኮሪደር የሚያልፍ እንግዳ ባለጥፍሯን ፈልጎ ሲመጣ አሁንም መጀመሪያ የሚያየው እጇን ነው። አሁንም ጥፍሯ አጭርና የወየበ ነው። ከእጇ አጠገብ ግን፣ በወረንጦና በሞረድ መካከል፣ ቀይ የጥፍር ቀለም ያገኛል።